ውሃ የማይጠጡ ቤቶች

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬ ከመናፈሻው ፊት ለፊት ያለውን መንገድ አነበብኩ። ሃያ ስድስት የውሃ ቆጣሪ። አሥራ አንዱ ባለፈው ወር የተውኳቸው ቁጥር ላይ ቁጭ ብለዋል። ክዳኑን ሳነሳ የሸረሪት ድር ከእጄ ጋር ይመጣል። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ እንቁራሪት አየሁና ደስ አለኝ። ቢያንስ አንድ ነዋሪ ተገኘ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን ሰፈር የማውቀው በውሃው ነው። ማን እንደወለደ፣ ማን እንግዳ እንደመጣበት፣ የማን ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ ቆጣሪው ይነግረኛል። ሰው ያለበት ቤት ይጠጣል። እነዚህ አይጠጡም። በር ላይ ካሜራ፣ ግቢው ድንጋይ ንጣፍ፣ መስኮቱ መጋረጃ የለው። ከነሱ አራቱን ቤት የሚጠብቀውን ዘበኛ፣ «ጌቶችህ መቼ ነው የሚገቡት?» አልኩት።

«እኔንስ ማን ነግሮኝ ቆጣሪዋ?» አለኝ። «ሦስት ዓመቴ ነው፣ መልካቸውን አላውቀውም። ደመወዜ በባንክ ይገባል።»

እኛ ሦስት ነፍስ፣ እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ፣ በዚሁ ሰፈር በእማማ ጓሮ ሁለት ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ እንጋፋለን። ደግነቱ አከራያችን እማማ ናቸው። ልጄን ሰባተኛ ክፍል ያደረሰው ይሄ ጓሮ ነው፤ ትምህርት ቤቷ ከበሩ ወጥታ አሥር ደቂቃ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

እማማ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው አገኘኋቸው። ስንት ሰዓት እንደቆዩ አይናገሩም። ብብታቸው ስር ገብቼ ሳነሳቸው ቅልል አሉኝ። ጉልበታቸው አብጧል። ገና ሳይቀመጡ፣ «ልጄ እንዳይሰማ» አሉኝ።

«ምነው እማማ፣ ልጅዎ አይደለም እንዴ?»

«ልጄ ስለሆነ ነዋ። ከሰማ መጥቶ ይወስደኛል። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሰቅሎኝ በመስኮት ሰማይ እያየሁ ልሙት?»

«ከእኔ አይወጣም» አልኳቸው። እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙኝ።

ሐኪሙ አልተሰበረም አለ። ተመስገን።

እሑድ፣ የካቲት 9

ወንድሜ መጣ። ደላላ ነው። ገዢ ባየ ቁጥር «ቶሎ በሉ፣ ያመልጣችኋል» ስለሚል ሰዉ ሁሉ «ቶሎ» ብሎ ይጠራዋል፤ እኔም ለምጄዋለሁ። እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቱ ነበር። ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

ለልጄ ስልክ ይዞላት መጣ፤ አዲስ፣ ከነካርቶኑ። «ለትምህርቷ ነው እታለም» አለኝ። እሷ በደስታ ጮኸች። ወንድም ለእህቱ ልጅ ስልክ ቢሰጥ ምን ነውር አለው?

ብዙ ተጫወትን። ባዶዎቹን ቤቶች የሚገዛው ማን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ሰው ነው የሚገዛቸው፤ ማን ይሁን ትያለሽ?» አለኝ። «አንዱ ሰባት አለው። አንዱ የአራስ ልጁን ስም አስጽፎ ገዝቷል። ቤት ብለሽ አታስቢው እታለም። ካዝና በይው። ካዝና ውስጥ ሰው ይተኛል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አያከራዩትም?»

«ተከራይ ግድግዳ ያቆሽሻል። ባዶውን ቢቀመጥም ዋጋው ይጨምራል፤ ሰው ገብቶበት ምን ሊሆን?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ ስለዚህም ስለዚያም አወራን። ስለ እማማም ጠየቀኝ። ስለ አሮጊት ጤና ለጠየቀ ሰው ምን ይባላል፣ ዝም ይባላል? ለልጃቸው እንደሆነ ትንፍሽ አላልኩም። ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ባለቤቴ አናጢ ነው። ሰሞኑን ከመናፈሻው ጥግ ባለው አዲስ ቤት ቁም ሳጥን እየገጠመ ነው። ስድስት መኝታ ክፍል፣ ስድስት ቁም ሳጥን፣ ከወለል እስከ ጣሪያ። ማታ ሲበላ፣ «የእኛ ሁለት ክፍል አንዱ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል» አለ። ቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ፤ ለካ የምሩን ነው። ሜትሩን አውጥቶ ግድግዳችንን ለካው።

ቤቱን የሚያሠራው ሰው አንድ ቀን ብቅ ብሎ ያውቃል ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ቀለሙን በስልክ መረጠ አለኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ሁለት ሰዎች ግቢውን ሲለኩ ነበር። ልጄ ናት ያየቻቸው። እማማ መስኮታቸው ላይ ቆመው እያዩ ምንም አላሏቸውም።

ለምን አልተናገሩም?

አርብ፣ መጋቢት 5

የእማማ ልጅ መጣ። ሸሚዙን አልቀየረም፣ ዓይኑ ቀልቷል። እንደሚወቅሰኝ ሰው ሳይሆን እንደሚያለቅስ ሰው ነበር የሚያወራው።

«እናቴ ወድቃ፣ ጉልበቷ አብጦ፣ አንቺ ጎኗ እየኖርሽ አልደወልሽልኝም» አለኝ። «ከሰው አፍ ነው የሰማሁት!»

«እሳቸው አትንገሪው ብለውኝ ነው» አልኩ።

«ብትሞትስ ኖሮ?»

ጥፋቴ ዝም ማለቴ ሆነ። ከማን አፍ እንደሰማ አልጠየቅኩትም።

ቤቱ ሊሸጥ ነው። ገዢው ተገኝቷል፤ ከነጓሮው ይፈልገዋል። ሁለት ወር ተሰጥቶናል። «አዝናለሁ» አለኝ፤ እውነት እንዳዘነ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ማዘኑ ግን ጣሪያ አይሆነንም።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ለቶሎ ደወልኩለት። አያነሳም። ድሮ አንዴ ደውዬለት የማያነሳ ልጅ አልነበረም።

ሰው መሆን ስንት ነው ግን? የዚህን ሰፈር ሆስፒታል ወለል የምታጥበዋ፣ ትምህርት ቤቱን የምትጠርገዋ፣ መናፈሻውን የሚኮተኩተው፣ ቁም ሳጥኑን የሚገጥመው፣ ቆጣሪውን የምታነበዋ፣ ሁላችንም እዚህ መሥራት እንችላለን፤ እዚህ ማደር ግን አይፈቀድልንም። በሁለት አውቶቡስ መጥተን፣ አጽድተን፣ አሳምረን፣ በሁለት አውቶቡስ እንጥፋላቸው ነው የሚሉት። አሳምረን የምንተወውም ለማንም አይደለም። የሚተኛበት ቢኖር እንኳ አንድ ነገር ነበር! ለሚተኛበት ሰው ቢሆን «በቃ፣ ከእኔ የተሻለ አለው» ብዬ እቀበል ነበር። ለሸረሪት ነው እኮ የምንለቀው።

ተናድጄ ስጽፍ ባለቤቴ፣ «ምን እየጻፍሽ ነው እንዲህ ወረቀቱ እስኪቀደድ?» አለኝ። «የሥራ ነው» አልኩት።

ስለ እማማ መውደቅ ለማን እንደተናገርኩ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ቤት ፍለጋ። አምስት ቀን ተከታታይ።

አንዷ፣ «ልጅ አላችሁ?» አለች። አንዲት ናት ስላት፣ «አንዲትም ልጅ ናት» ብላ በሩን ዘጋች።

አንደኛው ክፍሉን እያሳየን መስኮቱን አልከፍትም አለ። ባለቤቴ ከፈተው። የጎረቤት ግድግዳ፣ ጣት የሚያህል ርቀት ላይ።

ሦስተኛው በዚሁ በእኛ ሰፈር ነው፤ ደስ አለን። ኪራዩን ሲነግረን ባለቤቴ ረጋ ብሎ፣ «በዓመት ነው?» አለው። ሰውየው «በወር» አለ። አመስግነን ወጣን። በር ላይ ቆመን እንደ ጅል ሳቅን፤ ሆዴን እስኪያመኝ። ከዚያ እሱ ቀድሞ መንገድ ጀመረ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ቶሎ አንድ መልእክት ልኮልኛል። «እታለም ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ቤት እፈልግላችኋለሁ፣ አትጨነቂ።»

መልእክቱን የላከው ወደ ልጄ ስልክ ነው። እሷ ናት ያነበበችልኝ። ስልኩን አየሁትና ዞር አልኩ።

አርብ፣ ሚያዝያ 3

ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። የሰባተኛ ክፍል ሁለቱ ሴክሽኖች ሊጣመሩ ነው፤ አንደኛው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ልጅ ነው የቀረው። ከሰፈሩ ውጭ የሚኖር ተማሪ ደግሞ ለከርሞ ቦታ አይኖረውም ይላል። ቅዳሜ ሳምንት የወላጆች ስብሰባ።

ልጄ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። «እማዬ፣ ልጅ ጠፋ እያሉ እኔን የሚያስወጡኝ ለምንድነው?»

አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ቢሮ የተቀመጡት ሹሞች ያልጠየቁትን ጥያቄ እሷ ጠየቀችው። «በይ አሁን ተኚ» አልኳት። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

በምሳ ሰዓት፣ መናፈሻው አግዳሚ ላይ።

የስድስት ወሩን የንባብ መዝገብ አገላበጥኩ። የማነበው መስመር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቆጣሪ ነው። ያልተንቀሳቀሱትን ብቻ በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። መጀመሪያ ስልሳ ስምንት መጣልኝ። ደግሜ ስቆጥር ሰባ አንድ። ሦስተኛም ሰባ አንድ።

የት እንደምናገረው አላውቅም። የደንበኛ ምስጢር የተጠበቀ ነው ብዬ ሥራ ስገባ ፈርሜያለሁ። የሰው ስም ግን አልናገርም። የቤት ቁጥርም አልናገርም።

እንደው ቆጠርኩት ነው እንጂ ልናገር አላልኩም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ተናገርኩ።

ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት መስሏል። ቢሆንም ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋብኝ ዛሬውኑ ልጻፈው።

አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ቀድመው ተነሡ፤ ከሲታ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሲናገሩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «ወላጆች፣ ልጅ አጣን» አሉ። «በአምስት ዓመት ውስጥ ተማሪያችን በግማሽ ቀነሰ። መምህር ልናሰናብት ነው።»

ቀጥሎ ከከተማው አስተዳደር የመጣው የቤቶች ኃላፊ ተነሣ። ሰፈሩ በጣም ተፈላጊ ነው አለ። ቤት በማጣት ሰው ተሰቃይቷል፣ እጥረቱን ለመቅረፍ መናፈሻው ጎን አዲስ አፓርታማ ሊሠራ ነው አለ። በራሪ ወረቀትም አደለን። ጀርባው ላይ የዚሁ ትምህርት ቤት ፎቶ አለበት። «ከምርጥ ትምህርት ቤት የአምስት ደቂቃ መንገድ» ይላል። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ገልብጠው የራሳቸውን በር ሲያዩ ያሳዝኑ ነበር።

እኔ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ማን እንዳስነሳኝ አላውቅም። ባለቤቴ ቀሚሴን ሲይዘኝ ትዝ ይለኛል።

«እኔ ውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ» አልኩ። «የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። በመስመሬ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቆጣሪ አለ። ሰባ አንዱ ለስድስት ወር አንዲት ጠብታ አላሳለፈም። ሰባ አንድ ቤት ውስጥ ፊቱን የሚታጠብ ሰው የለም ማለት ነው። እርስዎ ቤት ጠፋ ይላሉ። እሳቸው ልጅ ጠፋ ይላሉ። ልጆቹ ቤት አጥተው ሄዱ፤ ቤቶቹ ሰው አጥተው ተቀምጠዋል። አሁን የምትሠሩት አፓርታማ ማን ሊገባበት ነው? እነዚያው ናቸው የሚገዙት!»

ከዚያ ከፊት ባለባርኔጣ ሰውዬ ብድግ አለ። «የሰው ንብረት ነው! ባለቤቱ ቢፈልግ ዶሮ ያኑርበት፣ አንቺን ምን አገባሽ?»

«ዶሮ ቢኖርበትማ ውሃ ይጠጣ ነበር» አልኩት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሳቅ ልፈጥር አልነበረም፤ እውነቴን ነው የተናገርኩት። ኃላፊው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ይህ መረጃ ከየት እንደተገኘ ይጣራል» ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበ።

ስንወጣ የማላውቃቸው ወላጆች ከበቡኝ። አንዲት የሆስፒታል ነርስ፣ «ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ቁጥሩን ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ እጄን ይዞኝ ነበር የሄደው፤ ስንት ዓመታችን እጅ ለእጅ ሳንያያዝ!

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ከመስመር ተነሣሁ። ስቶር ውስጥ የተበላሹ ቆጣሪዎችን እመዘግባለሁ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «ከላይ ነው» አለኝ። ሁሉም ነገር ከላይ ነው። ላይ ያለውም ሲጠየቅ ከላይ ነው ይላል። የዚህ ፎቅ መጨረሻው የት ነው?

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ቶሎ መጣ። አዲስ ጫማ፣ አዲስ ሽቶ። ገና ከመግባቱ፣ «እታለም ምን ነካሽ? ሥራዬን ገደልሽው! ገዢዎቼ ሁሉ ያቺ ሴትዮ ማናት እያሉኝ ነው!» ይላል።

«የእማማን ቤት ማን አሻሻጠው?» አልኩት።

አዲሱን ጫማውን ያይ ጀመር።

«ለልጃቸው ማን ደወለለት? እናትህ ወድቃለች፣ ብቻዋን ናት፣ ቤቱን ቶሎ ሽጠው ያለው ማን ነው?»

«እኔ ባልደውልስ? ሌላ ደላላ ይደውል ነበር። እንዲያውም ለሴትዮዋ ጥሩ ዋጋ ነው ያስገኘሁላት።»

«ነውረኛ!» አልኩት። ያሳደግኩትን ልጅ። «እኛን ጎዳና አውጥተህ ኮሚሽን በላህ!»

እሱም ተነሣ። «ነውረኛው እኔ ብቻ ነኝ? መውደቋን ማን ነገረኝ? እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ ‹ደረጃውን መውጣት አቅቷቸዋል፣ ልጃቸው ቢሰማ በማግስቱ ይሸጠዋል› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? እኔ ጠንቋይ ነኝ እንዴ?»

ባለቤቴ ጥግ ላይ መጋዝ ሲስል ነበር። መጋዙን አስቀመጠ።

«እኔ ለወሬ ነው የነገርኩህ» አልኩ። «ለወንድሜ ነው የነገርኩት እንጂ ለደላላ አይደለም!»

«አንድ ሰው ነኝ እኮ እታለም» አለኝ። እንደ ልጅነቱ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። በዚህች ብቻ ልቤ ሊራራ ነበር።

ስልኩን ከካርቶኑ ጋር አምጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ጠረጴዛው ላይ መልሶት ወጣ። ልጄ በሩ ሥር ቆማ ነበር። የክፍል ሥራው ሁሉ የሚላከው በሱ ነው። ማታውን ቻርጅ ስታደርገው አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ራሴን ተጸየፍኩ።

ባለቤቴ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ነግረሽኝ ቢሆን፣ ከልጃቸው ጋር በጊዜ እንነጋገር ነበር» ብቻ ነው ያለኝ። ከዚያ መጋዙን መሳል ቀጠለ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

አልነገርኩም እኮ ልል ነበር ትናንት፤ አፌ ላይ ነበር። ነግሬያለሁ።

ቢሆንም ሰባ አንዱን ቤት የዘጋሁት እኔ ነኝ? አይደለሁም። ለአራስ ልጅ ቤት የሚገዛው እኔ ነኝ? አይደለሁም። የእኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አንዲት ግን በቂ ሆነች።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ለቀቅን። አንድ ጭነት መኪና፣ ግማሹም አልሞላ። አሥራ አራት ዓመት ግማሽ መኪና።

አዲሱ ቤታችን ከተማው ሊያልቅ ሲል ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፤ ቆጣሪ አንባቢዋ በጄሪካን ልትቀዳ ነው! ኪራዩ ከበፊቱ አይተናነስም፤ በላዩ ላይ የሁለት አውቶቡስ ሂሳብ ተጨምሮበታል።

ርዕሰ መምህሩ ልጄ ዓመቱን እንድትጨርስ ፈቅደዋል። «ለከርሞ ግን እጄ አጭር ነው» አሉኝ። ሴክሽኖቹም ተጣመሩ። የመምህራኑን ስንብት ነርሷ በስልክ ነገረችኝ፤ የልጄ የሳይንስ አስተማሪ አለችበት።

እማማን ከእኛ ሦስት ቀን በፊት ልጃቸው ወስዷቸዋል። ሲሄዱ ስቶር ነበርኩ። አልተሰናበትኳቸውም። ፈቃድ ብጠይቅ አለቃዬ ይሰጠኝ ነበር።

አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

እማማ ዘንድ ሄድኩ። ዘጠነኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ስድስተኛ ላይ ቆመ፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ የምናገረውን ሳጠና ነበር። በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋ።

ንጹህ ክፍል ነው። ወንበራቸውን ከመስኮቱ አዙረው ወደ በሩ አስቀምጠውታል። የልጃቸው ሚስት ሻይ አምጥታ ወጣች።

ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ስለ ባለቤቴ ጀርባ ሕመም ጠየቁኝ። ከዚያ፣ «ወንድምሽስ ደህና ነው?» አሉኝ። «ጎበዝ ልጅ ነው። ስለ ጉልበቴ ከሐኪሜ የበለጠ ያውቃል።»

የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

«እማማ» አልኩ። «እኔ ነኝ የነገርኩት። የወደቁ በሦስተኛው ቀን።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ልጄ ሊወቅሰኝ የመጣ ዕለት። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና አንቺ ነን። እኔ አልተናገርኩም።» ሻያቸውን በዝግታ ጠጡ። «ቁጭ ብዬ ስጠብቅሽ ነበር። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች። በመስኮት ሳይሽ ዘንቢል ይዘሽ ታልፊያለሽ፣ ወደ እኔ መስኮት ቀና አትዪም። ሁለት ወር ሙሉ!»

«አፈርኩ።»

«እፈሪ» አሉኝ። ቁጣ ነበረው ድምፃቸው፤ እንዲህ ተቆጥተውኝ አያውቁም። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሁሉንም ለራስሽ አታድርጊው። ውሉ ላይ የፈረምኩት በዚህ እጄ ነው። ማንም አልያዘኝም። ደክሞኝ ነበር። ልጄም እያለቀሰ ነበር። ያ ገዢ የተባለው ሰው አንድ ቀን መጥቶ፣ ‹እናቴ፣ እዚህ ቤት ስንት ዓመት ኖሩ› ቢለኝ አልፈርምም ነበር። ጠበቃ ላከ። ጠበቃው ሰዓቱን እያየ አስፈረመኝ። ምን እንደሚሠራበት ስጠይቀው፣ ‹ለጊዜው ምንም› አለኝ። አርባ አንድ ዓመት የኖርኩበትን ቤት፣ ለጊዜው ምንም!»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ስብሰባው ላይ የተናገርሽውን ጉልበቴን የምታየው የሆስፒታሉ ነርስ ነገረችኝ። ስለ ዶሮዋም።» ፈገግ አሉ፤ ግን ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልለመንኳቸውም። ስወጣ፣ «ሳምንት ነይ» አሉኝ። «ልጅሽን ይዘሻት ነይ።»

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

አለቃዬ ከስቶር አስጠራኝ። በሩን ዝጊው አለኝ።

የወላጆቹ ማመልከቻ ላይኛው ቢሮ ደርሷል። ባዶ ቤት ላይ ግብር ይጣል የሚል ሐሳብም ተነሥቷል አሉ። ባለቤቶቹ ይሄን ሲሰሙ መጡ፤ ማለት ጠበቃቸው መጣ። ሁሉንም ወክሎ አንድ ሰው።

ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ነበር። «በስብሰባው ላይ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች በንባብ ስህተት የተገኙ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ ነጥብ ነጥብ፤ የእኔ ስም ቦታ።

«ፈርሚና ሰኞ መስመር ውጪ» አለኝ። «አዲሱ ቤትሽ አካባቢ ክፍት መስመር አለ፤ በእግርሽ ነው የምትደርሺው። ሰው ይሳሳታል እኮ፤ ነውር የለውም።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ስቶሩ እስከ ሰኔ ነው። ከዚያ በኋላ አላውቅም።» እስክሪብቶውን ገፋ አደረገልኝ። «ልጅ አለሽ።»

ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየሁት። በእግር የሚደረስ መስመር። ልጄ ጠዋት ተኝታ የምትነቃበት አንድ ተጨማሪ ሰዓት። ባለቤቴ ቢጠይቀኝ ፈርሚ ይለኝ እንደሆነ አሰብኩ፤ የሚል አልመሰለኝም፤ ግን እሱንም ደክሞታል።

አዎ፣ አንዴ ተሳስቻለሁ። ቀኑን አውቀዋለሁ፤ የካቲት 9፣ እሑድ። የተቀመጥኩበትንም ወንበር አውቀዋለሁ። እሱን ለእማማ ፊት ለፊት ተናግሬያለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ያለው ግን ስህተት አይደለም። ሦስቴ ነው የቆጠርኩት።

እስክሪብቶውን አነሣሁ። አለቃዬ ተንፈስ ሲል ሰማሁት። ዓረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኩትና ከበላዩ ጻፍኩ፦ «ሰባ አንድ ነው። ንባቡ ትክክል ነው። የተጠራጠረ አብሮኝ ይምጣና ክዳኑን እናንሣ።» ስሜን፣ ቀኑን፣ ፊርማዬን።

አንብቦ ጭንቅላቱን ያዘ። «አንቺ ሴትዮ፣ እኔንም ልታስባርሪኝ ነው።»

«ኮፒ ስጠኝ» አልኩት።

አየኝ። ወደ በሩ አየ። ከዚያ ተነሥቶ ራሱ ማሽኑ ጋ ሄደ። ሁለት ኮፒ አነሣ፤ አንዱን ሰጠኝ፣ ሁለተኛውን አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።